በአጎት ስም የተጻፈ ቤት፤ በሐረር ከተማ በፍቺ ጊዜ ስለሚነሣ የንብረት ክርክር

(ለሕግ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)



የሐረር ጀጎል ቤት፣ በአገሬው አጠራር ጌ ጋር፣ ሲሠራ የታሰበው ለቤተሰብ እንጂ ለአንድ ባለቤት አይደለም። ወደ ውስጥ የዘለቀ እንግዳ በመጀመሪያ የሚያገኘው ግድር ጋር የሚባለውን ሰፊ ክፍል ነው። በዚያም ነደባ የሚባሉ፣ በከፍታ የሚበላለጡ አምስት መደቦች አሉ፤ ማን በየትኛው ላይ እንደሚቀመጥም በዕድሜና በክብር የተወሰነ ነው። ከጎን ኪርታት የምትባል ጠባብ ክፍል አለች፤ አዲስ ሙሽሮች የጋብቻቸውን መጀመሪያ የሚያሳልፉት በእርሷ ውስጥ ነው። ከበላይ ቃላ የሚባለው ፎቅ፣ በግቢው ውስጥ ደግሞ ጢት ጋር የምትባል አነስተኛ ቤት ይኖራል፤ ባይኖርም ቤተሰብ ሲበዛ ይጨመራል። ሙሽራይቱ ወደ ኪርታት በምትገባበት ቀን «ይህ ቤት የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መጠየቁም ነውር ነው። ጥያቄው የሚነሣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ጋብቻው ሲፈርስ ነው፤ ያን ጊዜም ደብተሩ ሲገለጥ የባልም የሚስትም ስም አይገኝበትም። የአያት፣ የአጎት ወይም የታላቅ ወንድም ስም ሆኖ ይገኛል።

የዛሬው ንግግር የሚመለከተው ይህንኑ ነው። ዋናው ነጥብ በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፤ በእንደዚህ ያለ ክርክር የምትፈታው ሚስት ብዙውን ጊዜ የምትጠይቀው ቤቱን ነው፣ ሊጠየቅ የሚገባው ግን ባልና ሚስቱ በዘመዱ ላይ ያላቸው የገንዘብ መብት ነው። ይህም መብት ዘመዱ ወደ ክርክሩ ሳይገባ ሊገኝ አይችልም። ሁለቱ ነገሮች ቀላል ይመስላሉ፤ በክስ ማመልከቻዎች ላይ ግን ሳይገኙ ይቀራሉ።

በመጀመሪያ ቤቱ በዘመድ ስም የሚጻፍበትን ምክንያት መለየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱ ሲለያይ የሕጉም መልስ ይለያያልና።

የተለመደው ምክንያት ያልተከፈለ ውርስ ነው። አባት ሲሞት ልጆቹ የወራሽነት ማስረጃ ሳያወጡ፣ ቢያወጡም ሳይካፈሉ፣ ታላቅየው ግብር እየከፈለ ሁሉም በየክፍሉ ይኖራሉ። የግብር ደረሰኙ በታላቅየው ስም ስለሚቆረጥ ከጊዜ በኋላ ቤቱ የእርሱ ይመስላል። ግድር ጋር የሚባለው ክፍል ደግሞ በጠባዩ የሚከፈል አይደለም፤ አምስቱን ነደባ ለአምስት ወራሾች ማደል ለቀልድ ካልሆነ በቀር አይታሰብም።

ሁለተኛው ምክንያት ከ1967 ዓ.ም. የመጣ ነው። በዚያ ዓመት የካቲት 25 ቀን የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967፣ በከተማይቱ ዙሪያ የቡና፣ የጫትና የፍራፍሬ ቦታዎች የነበሯቸውን ቤተሰቦች መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገው። ከአምስት ወር ያህል በኋላ ሐምሌ 19 ቀን የታወጀው የከተማ ቦታና የትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 ደግሞ አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ወሰነ፤ ትርፍ የተባለው ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ሁለት ቤት የነበረው ሰው አንዱን በወንድሙ ወይም ለአካለ መጠን በደረሰ ልጁ ስም አስመዘገበ የሚባለው ታሪክ በአገሪቱ ከተሞች ሁሉ ይሰማል፤ ሐረርን ከዚህ የሚለያት ምክንያት የለም። እንደዚህ የተመዘገበ ቤት ከሁለት ትውልድ በኋላ በፍቺ ክርክር ላይ ብቅ ሲል፣ «ስሙ የአጎትየው ቢሆንም ቤቱ የባሌ አባት ነው» የሚል አቤቱታ ይቀርባል።

ሦስተኛው የውጭ አገር ኑሮ ነው። የውጭ ዜግነት የወሰደ ሰው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 390 ምክንያት የማይንቀሳቀስ ንብረት ሊኖረው ስለማይችል፣ የላከው ገንዘብ በእናት ወይም በወንድም ስም ቤት ይሠራበት ነበር። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ከወጣ ወዲህ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ከዚህ ክልከላ ነፃ ሆነዋል፤ ከዚያ በፊት በዘመድ ስም የተጻፈው ግን እንደተጻፈ የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንለፍ። ባልና ሚስት በጋብቻ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራ ነው የሚለው መሠረተ ሐሳብ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነበር፤ ቁጥር 653 ንብረት ሁሉ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው የሚል ግምት አኑሮ ነበር። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ይህንኑ በቁጥር 63 ደገመው፤ ንብረቱ በአንዱ ተጋቢ ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆንም እንኳ የጋራ ነው ተብሎ እንደሚገመት ጨምሮ ገለጸ። የፌዴራሉ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ የሐረሪ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቶአል፤ በዚህ ረገድ የያዘው መሥመር ግን ተመሳሳይ ስለሆነ፣ ለሰሚው እንዲቀል በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት የፌዴራሉ ቁጥሮች ናቸው።

ይህ ግምት ለሚስት ትልቅ ኃይል ነው። ነገር ግን ከተጋቢዎቹ ደጃፍ አያልፍም። ቁጥር 63 «በአንዱ ተጋቢ ስም» ይላል እንጂ «በአጎት ስም» አይልም። በአጎትየው ስም ላለው ቤት ግምቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1195 የባለቤትነት ደብተር የያዘውን ሰው ባለቤት ነው ብሎ ይገምታል፤ ይህን ግምት ለማፍረስ በቁጥር 1196 የተዘረዘሩትን ምክንያቶች ማስረዳት ግድ ነው። ስለዚህ ባልን ብቻ ተከሳሽ አድርጋ የአጎትየውን ቤት በጋራ ንብረት ዝርዝር ውስጥ የምታስገባ ሚስት፣ በባሏ ላይ የሚሠራውን ግምት በማይሠራበት ሰው ላይ መዘርጋቷ ነው።

ውጤቱም የታወቀ ነው። ወይም ፍርድ ቤቱ «ደብተሩ በሌላ ሰው ስም ስለሆነ» ብሎ ጥያቄዋን ውድቅ ያደርገዋል፤ ወይም ባልየው ሳይከራከር ቀርቶ ይፈረድላትና አፈጻጸም ሲጀመር አጎትየው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 358 መቃወሚያ ይዞ ይቀርባል፤ ቤቱ ተከብሮ ከሆነም በቁጥር 418 ይመጣል። ያን ጊዜ ክርክሩ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ሦስትና አራት ዓመት አልፎአል፤ ምስክር አርጅቶአል፤ ከሳሽዋ ገንዘቧን ጨርሳለች። አንዳንድ ጊዜ የባልየው ዝምታ ከየዋህነት ሳይሆን ይህንኑ ከማወቅ የመጣ መሆኑን መጠርጠር ነውር አይሆንም።

መፍትሔው በሥነ ሥርዓት ሕጉ ውስጥ አለ። ቁጥር 40 በክርክሩ መኖር የሚገባው ሰው ተከራካሪ እንዲሆን ለማዘዝ ለፍርድ ቤቱ ሥልጣን ይሰጣል፤ ቁጥር 41 ደግሞ ጥቅም ያለው ሰው ራሱ ጣልቃ እንዲገባ ይፈቅዳል። ጉዳዩ የሐረር ብቻ ያልሆነ መሆኑን ለማሳየት፣ በእንግሊዝ አገር የቤተሰብ ክርክር በሚሰማው ችሎት በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2005) የተሰጠ አንድ ውሳኔ መጥቀስ ይቻላል። በዘመድ ስም ያለ ንብረት በፍቺ ክርክር ሲነሣ፣ ዘመዱ በተቻለ ፍጥነት ተከራካሪ ይሁን፤ ጥያቄውና መልሱ እንደ ማናቸውም የንብረት ክርክር በጽሑፍ ይቅረብ፤ የባለቤትነቱም ነገር ከሌላው ሁሉ በፊት ለብቻው ይወሰን የሚል ሥርዓት ተቀምጦአል። የባልና የሚስት ክርክር ስለሆነ ብቻ የንብረት ሕግ አይለሳለስም ማለት ነው። የእኛ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይህን ለማድረግ የሚያግደው ነገር የለም፤ የጎደለው በመጀመሪያው ቀን መጠየቁ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ጉዳይ በምሳሌ ይታሰብ፤ ሰዎቹም ቍጥሩም ለምሳሌ ያህል የተፈጠሩ ናቸው። ባልና ሚስት በ1993 ዓ.ም. ተጋቡ። የሚኖሩት በጀጎል ውስጥ፣ በባልየው አጎት ስም በተጻፈ ግቢ ነው። በ1996 ዓ.ም. በአሮጌው ቤት ላይ ቃላውን አደሱት፣ አሰፉትም፤ በግቢው ባዶ ቦታ ላይም አንዲት ጢት ጋር ሠሩ። ወጪው በጠቅላላው 60,000 ብር ሆነ። ከዚህ ውስጥ 18,000 ብሩ የተገኘው ሚስት ለጋብቻዋ የተሰጣትን ወርቅ ሸጣ ነው፤ 42,000 ብሩ መኪና ግርግር ከሚገኘው የባልየው የልብስ ስፌት ሱቅ የተጠራቀመ ነው። አጎትየው ግንባታውን እያየ፣ እየመረቀም አለፈ። በ2014 ዓ.ም. ጋብቻው ፈረሰ። የተሠራው ነገር ለግቢው የጨመረው ዋጋ በዚያን ጊዜ 900,000 ብር ተገመተ።

ሚስት የቤቱን ግማሽ ብትጠይቅ ምን ይገጥማታል? ቤቱ የባልየው አባት ነበር፣ በ1967 ዓ.ም. ከትርፍ ቤት ለማዳን በአጎትየው ስም ተጻፈ ብትል፣ ሁለት ገደል ይጠብቃታል። አንደኛ፣ ባለቤትነት ለማስተላለፍ የተደረገ ስምምነት በቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በሚገባው ሥልጣን ፊት መደረግ ነበረበት፤ በጽሑፍ መሆን ያለበትን ውል በምስክር ለማስረዳት ደግሞ ቁጥር 2003 መንገዱን አጥብቦታል። ሁለተኛውና የባሰው፣ የምትለውን ሁሉ ብታስረዳ እንኳ ያስረዳችው ቤቱ በአዋጁ የመንግሥት ሊሆን ይገባው የነበረ መሆኑን ነው። ሕግን ለማምለጥ በተደረገ ስምምነት ላይ መብት ለመመሥረት የሚሞክር ሰው ቁጥር 1716ን ይጋፈጣል። ብዙ ባስረዳች ቁጥር ብዙ ታጣለች። በክስ ማመልከቻ ላይ ይህን ታሪክ በሰፊው የሚጽፍ ጠበቃ የባለጉዳዩን ቤት በራሱ ብዕር ማፍረሱን አይገነዘብም።

ያልተከፈለ ውርስ ነው ብትልስ? የባልየው የውርስ ድርሻ በቁጥር 57 መሠረት የግል ሀብቱ ነው፤ ሚስት አትካፈለውም። የምትካፈለው፣ በቁጥር 62 መሠረት፣ ከዚያ ድርሻ በጋብቻው ጊዜ የተገኘውን ገቢ ነው፤ ለምሳሌ የተከራየ ክፍል ኪራይ።

ስለዚህ ወደ ግንባታው መመለስ ይሻላል። እዚህ ላይ ሁለቱ ሥራዎች መለየት አለባቸው። ጢት ጋሯ በባዶ ቦታ ላይ የቆመች ራሷን የቻለች ቤት ናት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ ባለ ቦታው ሳይቃወም በሰው ቦታ ላይ ቤት የሠራን ሰው የሕንጻው ባለቤት ያደርገዋል፤ ባለ ቦታው ሊያስለቅቀው ቢፈልግ ካሣ ይከፍላል። መብት የሚያጣው እየተቃወሙት የሠራው ነው፤ የመረቀ አጎት ተቃወመ አይባልም። በእርግጥ መሬት ዛሬ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ይሁን እንጂ ባለ ይዞታው የባለ ቦታውን ስፍራ ይዞ የሚከራከርበት ነገር አለ፣ ሕንጻውም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የሠሪው መብት ሆኖ ተጠብቆአል። ቃላው ግን ሌላ ነው። በአሮጌው ግድግዳ ላይ ተጭኖአል፤ ከታችኛው ቤት ተለይቶ ባለቤት ሊኖረው አይችልም። ለእርሱ የሚስማማው ቁጥር 2162 ነው፤ ከሌላው ሰው ሥራ ወይም ገንዘብ ያለ በቂ ምክንያት የተጠቀመ ሰው በተጠቀመው ልክ ይክሳል።

«በተጠቀመው ልክ» የሚለው ቃል ቀላል አይደለም። ፍርድ ቤቱ የ1996ቱን ወጪ ብቻ ይመለስ ቢል፣ የሚስት ድርሻ 18,000 የግሏ፣ ከ42,000 ብሩም ግማሹ 21,000 ሆኖ በጠቅላላው 39,000 ብር ነው። ጥቅሙ በ2014 ዓ.ም. ዋጋ ይገመት ቢል ግን፣ የግሏ ገንዘብ የወጪው መቶ ሠላሳ እጅ፣ ከጋራውም መቶ ሠላሳ አምስት እጅ ስለሚደርሳት፣ ከ900,000 ብሩ 585,000 ብር ታገኛለች። በመጀመሪያው ገንዘብ ቤት መሥራት ቀርቶ ለጥቂት ወራት ቤት መከራየትም ያስቸግራል። ሁለቱም ስሌት በአንድ የሕግ ቁጥር ስም ሊቀርብ ይችላል፤ ልዩነቱ ጠበቃው ባለሙያ ገማች እንዲሾም በመጠየቁና ባለመጠየቁ ላይ ነው። የወርቁም ነገር እንዲሁ ነው፤ በግል ገንዘብ የተተካ ሀብት የግል ሆኖ እንዲቆጠር በቁጥር 58 ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ያስፈልጋል፤ ያልተጠየቀ ከጋራው ጋር ይደባለቃል።

እንግዲህ በዚህ ምሳሌ የተጋቢዎቹ የጋራ ሀብት ቤቱ አይደለም። የጋራ ሀብታቸው በአጎትየው ላይ ያላቸው የመጠየቅ መብት ነው። ችግሩም ከዚህ ይነሣል፤ መብቱ የሁለቱ ሲሆን፣ ባልየው አጎቱን ሊከስ አይፈልግም። ነገ ተመልሶ የሚቀመጠው በዚያው ነደባ ላይ ነው። የማይጠይቅ ባል፣ በጋራ ሀብቱ ላይ ለአጎቱ ስጦታ እንዳደረገ ያህል ነው። የቤተሰብ ሕጉ ቁጥር 68 ከ100 ብር በላይ የሆነ ስጦታ እንኳ ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይደረግ ሲከለክል፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠረው በዝምታ እንዲያልፍ የፈቀደ አይመስልም። ስለዚህ ሚስት መብቱን በጋራ ንብረት ዝርዝር ውስጥ አስገብታ፣ አጎትየውን ተከራካሪ አድርጋ፣ ባልየው ባይተባበርም ልትጠይቅ ይገባል።

አጎትየው በመጀመሪያ የሚያነሣው መቃወሚያ ይርጋ ይሆናል። ከ1996 እስከ 2014 አሥራ ስምንት ዓመት ነው፤ የቁጥር 1845 ይርጋ ደግሞ አሥር ዓመት ነው። ለዚህ መልስ የሚሆነውና ብዙ የማይጠቀስ ቁጥር 1853 አለ። ባለ መብቱ መብቱን በጊዜው ሳይጠይቅ የቀረው ከባለ ዕዳው ጋር ባለው ዝምድና ወይም ለእርሱ ባለበት የመታዘዝ ግዴታ ምክንያት መሆኑን ዳኞቹ ሲረዱ፣ የይርጋውን መቃወሚያ ሊያልፉት ይችላሉ። በባሏ አጎት ግቢ የምትኖር፣ ቡና የምታቀርብለትና እጁን የምትስም ሴት በጋብቻዋ መካከል ክስ ታቅርብ ማለት ቁጥሩ ሊያስቀር የፈለገውን ነገር መጠየቅ ነው።

እስካሁን የተነገረው ዘመዱን ሁሉ እንደ ሸሻጊ የሚያስቆጥር እንዳይሆን ያሠጋል። አብዛኛው ዘመድ እንደዚያ አይደለም። በምሳሌው ግቢ ውስጥ የባልየው ሁለት እኅቶች አሉ እንበል፤ አንዷ ድሬዳዋ አግብታ ትኖራለች፣ ሁለተኛዋ ባሏ ሞቶባት ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች። ቤቱ የአባት ከሆነ ሁለቱም ወራሾች ናቸው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከወንድማቸው እኩል ይወርሳሉ፤ በሸሪዓ ሴት ልጅ የወንዱን ግማሽ ትወስዳለች፤ በሁለቱም መንገድ ግን ድርሻ አላቸው። በሐረር፣ በሌላም የአገሪቱ ክፍል፣ እኅት ድርሻዋን ከወንድሟ እጅ ሳታወጣ መተዋት የተለመደ ነው። መተዋት ማለት መስጠት አይደለም፤ «አንድ ቀን ብቸገር የምመለስበት ደጅ» ብላ ማስቀመጧ ነው። መበለቲቱ የተመለሰችው ወደዚያ ደጅ ነው። የምትፈታው ሚስት የቤቱን ግማሽ ብትረታ የምታስለቅቀው አጎትየውን ሳይሆን ምናልባት ይህችን ሴት ነው። ሁለት ሴቶች፣ ሁለቱም በስማቸው ያልተጻፈ መብት ይዘው፣ በአንድ ደብተር ላይ ይገናኛሉ። የገንዘብ ጥያቄው ከቤት ጥያቄው የሚሻልበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው፤ ግንባታው የጨመረውን ዋጋ ብቻ ስለሚነካ የእኅቲቱን የአባት ድርሻ አይበላም። ሆኖም እኅቶቹም መጠራት አለባቸው፤ ካሣውን የሚከፍለው አጎትየው ብቻ ነው ወይስ ወራሾቹ ሁሉ የሚለው ያለ እነርሱ ሊወሰን አይችልም።

ነገሩ የጀጎል ብቻ እንዳልሆነም መዘንጋት አይገባም። ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ ከግንቡ ውጭ በተስፋፋው ከተማ፣ በአማቷ ግቢ ሰርቪስ ቤት የሠራች ሙሽራ ያለችበት ሁኔታ ተመሳሳይ ነው፤ በሚስቱ ወላጆች ግቢ የሠራ ባልም ቢሆን ጥያቄው አይለወጥም። የቀበሌ ቤት ግን የተለየ ነው፤ በዘመድ ስም የተያዘው ኪራይ እንጂ ባለቤትነት ስላልሆነ በንብረት ክፍፍል ሊገባ አይችልም።

ፍቺው ሲቃረብ የሚደረግ ማስተላለፍም አለ። ቤቱ በባልየው ስም የነበረና በጋብቻው ጊዜ የተገኘ ሲሆን፣ ሚስት ሳታውቅ ለወንድሙ «ተሸጦ» ይገኛል። ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ቁጥር 68 የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል፣ ቁጥር 69ም ያልተስማማው ተጋቢ እንዲያስፈርሰው ይፈቅዳል። ችግሩ ጊዜው ነው፤ ካወቀችበት ቀን አንሥቶ ስድስት ወር፣ በማናቸውም ሁኔታ ሁለት ዓመት ነው። ሽማግሌ ሲያስታርቅ ስድስት ወር እንደ ዋዛ ያልፋል። ስለዚህ ዕርቁ ቢቀጥልም በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 የዕግድ ትእዛዝ ቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ሐረር ላይ ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ ጉዳዩ የሚታየው በየትኛው ፍርድ ቤት ነው? የቃዲ ፍርድ ቤት በሐረር ከአሚሮቹ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው፤ በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 62 የአገሪቱ የሕግ ሥርዓት አካል ሆኖ ተደራጅቶአል። ዛሬ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) መሠረት የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሸሪዓ ሊዳኝ የሚችለው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት በአንድ የአዲስ አበባ የውርስ ቤት ክርክር፣ አንዲት ተከራካሪ ሳትፈቅድ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተሰጠባትን ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ነው ብሎአል። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 በተደራጁት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ግን መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ እንደ ፈቀደ ይቆጠራል፤ መጥሪያ ይዛ ወደ ጠበቃ የምትመጣ ሴት መጀመሪያ ሊነገራት የሚገባው ይህ ነው።

ምርጫው በንብረቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከባድ ነው። በእስልምና ሕግ ባልና ሚስት በየራሳቸው ሀብት ላይ ጌታ ናቸው፤ «በጋብቻ የተገኘ ሁሉ የጋራ ነው» የሚል ግምት የለም። ለሚስት ይህ ጉዳትም ጥቅምም አለው። ከሱቁ ገቢ የሚደርሳትን ግማሽ በግምት ብቻ ልታገኝ አትችልም፤ በአንጻሩ ወርቋ የራሷ መሆኑ አከራካሪ አይሆንም። ከአጎትየው ጋር ያለው የግንባታ ክርክር ግን የጋብቻም የውርስም ጉዳይ ስላልሆነ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት መሄዱ አይቀርም። ፍቺው በቃዲው ፊት ቢያልቅም እንኳ ይህኛው ደጅ ክፍት ነው፤ ብዙዎች ግን ሁሉ ነገር ያለቀ መስሎአቸው ይቀመጣሉ።

ማስረጃው ከየት ይገኛል? የሲሚንቶና የቆርቆሮ ደረሰኝ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ አይገኝም። የግንባታ ፈቃድ ማመልከቻ ግን ሊገኝ ይችላል፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ ያለ ፈቃድ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል፣ ጀጎልም በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሮአል። ማመልከቻው ላይ የፈረመው ማን ነው? የመብራት ቆጣሪው በማን ስም ገባ? ወርቁን ማን እንደ ሸጠ ደግሞ ከአፎቻዋ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የሴቶቹ አፎቻ በሠርግና በለቅሶ የሚገናኝ ማኅበር ነው፤ አባላቱ የእያንዳንዷን ሙሽራ ወርቅ በዓይናቸው አይተዋል፣ ከእጇ የጠፋበትንም ዘመን ያስታውሳሉ። ይህ ወሬ አይደለም፤ በቀጥታ ያዩትን መናገር ነው።

የመጨረሻው ችግር አፈጻጸሙ ነው። ፍርድ ተገኘ እንበል፤ አጎትየው 585,000 ብር የለውም። የቅርስ ቤት ሊሸነሸን አይችልም፤ ሐራጅ ቢወጣም የአባት ቤት ለመግዛት የሚደፍር ጎረቤት አይገኝ ይሆናል፤ ቢገኝም መበለቲቱ ከነልጆችዋ መንገድ ላይ ትወድቃለች። እዚህ ላይ የሚያዋጣው በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 274 መሠረት በፍርድ ቤት መዝገብ የሚሰፍር ዕርቅ ነው፤ ጢት ጋሯ ለሚስት ለመኖሪያ እንድትለቀቅ፣ ወይም ተከራይታ ኪራይዋ ዕዳው እስኪያልቅ በየወሩ ለእርሷ እንዲከፈል። የአፎቻና የሠፈር ሽማግሌዎች ይህን የመሰለ ስምምነት ለማስገኘት ከማንም የተሻሉ ናቸው፤ የሚጎድላቸው ጽሑፉ ነው። በሽማግሌ ፊት ተስማምቶ ባልየው ብቻ የፈረመበት ወረቀት ያው የመጀመሪያውን ክስ ይመስላል፤ ቤቱ በእጁ በሌለ ሰው የተሰጠ ቃል ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ወደ ችሎት ከመቅረቡ በፊት የአጎትየው፣ የድሬዳዋዋ እኅትና የመበለቲቱ ፊርማ ያለበት መሆኑ መታየት አለበት፤ ኪራይ የሚከፈልበትም ቀን፣ የጢት ጋሯ ወሰንና የበሯ አቅጣጫ ሳይቀር በውስጡ መጻፍ ይኖርበታል።